ብስክሌት ሳልችል ለሞተር ኮርስ ልመዝገብ ወይስ ወንድሜ ያስተምረኝ?

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ31 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሲሆን የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ሽፍት እሠራለሁ። የመኪና መንጃ ፈቃድ አለኝ። ሞተር ግን ደሴ እያለሁ ከሰው ኋላ ተፈናጥጬ ከመሄድ በቀር ነክቼ አላውቅም። አሁን ልማር ብዬ ቆርጫለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ካዋሳኪ ዜድ 900 አለው። «ለኮርስ ገንዘብ አታውጪ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባዶ ፓርኪንግ ወስጄ በሁለት ሰዓት ውስጥ አስነዳሻለሁ። እኔን ማን አስተማረኝ?» ይለኛል። ወደዚህ አገር ያመጣኝ፣ እንደ አባት ሆኖ ያቆመኝ እሱ ነው። እምቢ ብለው ቅር ይለዋል። እሺ እንዳልለው ደግሞ ያ ሞተር ቆሞ ሳየውም ያስፈራኛል። አንድ ቀን ተቀምጬበት መሬት የነካው የእግሬ ጣት ጫፍ ብቻ ነበር።

በራሴ ስፈልግ የጀማሪዎች ኮርስ አገኘሁ። ቅዳሜና እሑድ ነው፣ ሞተሩንም እነሱ ያቀርባሉ። መመዝገቢያው ላይ ግን «ብስክሌት መንዳት መቻል ግዴታ ነው» ይላል። እኔ ብስክሌት ነድቼ አላውቅም። በልጅነቴ ሰፈራችን ብስክሌት የሚከራዩት ወንዶች ነበሩ፤ እኛ ቆመን ነው የምናየው። እንግሊዝኛዬ ለሥራዬ ይበቃኛል፤ አሰልጣኙ ፈጠን ፈጠን እያለ ሲያዝ ግን በሰው ፊት ግራ እንዳይገባኝ እፈራለሁ። ከፍዬ ብወድቅስ? እናቴም ገና አልሰማችም።

ወንድሜን እሺ ልበለው? «ብስክሌት እችላለሁ» ብዬ ዋሽቼ ልመዝገብ? ወይስ ልተወው?

ብስክሌት ያመለጣት፣ ከአሌክሳንድሪያ

እህታችን፣

ከሦስቱ ምርጫዎችሽ «ዋሽቼ ልመዝገብ» የምትለዋን አስቀድመን እናውጣት። ስለ ሐቀኝነት ልንመክርሽ አይደለም፤ ውሸቱ በመጀመሪያው ሰዓት ስለሚታወቅብሽ ነው። አብዛኛው ግዛት የሚጠቀምበት የሞተርሳይክል ሴፍቲ ፋውንዴሽን የጀማሪዎች ኮርስ በጠቅላላው ወደ 15 ሰዓት ነው፤ 5ቱ የክፍል፣ 10ሩ የሜዳ። የሜዳው 10 ሰዓት ፍሪሲዮንን፣ ማርሽን፣ ፍሬንንና መታጠፍን እየደራረበ የሚሄድ ስለሆነ፣ በሁለት ጎማ ላይ ሚዛን መጠበቅ የሚማሩበት ሰዓት ተለይቶ አልተያዘለትም። አንድ አሰልጣኝ እስከ ስድስት ሰው ይይዛል። አንቺ ሚዛን ስትፈልጊ አምስቱ ቆመው ይጠብቁሻል፤ ካልሆነም አሰልጣኙ ለራስሽና ለሌሎቹ ደኅንነት ሲል ያሰናብትሻል። ያን ጊዜ ገንዘብሽም ላይመለስ ይችላል።

ብስክሌቱን ግን መማር ትችያለሽ። ለአዋቂ ሰው ከሚመስለው በላይ ቀላል ነው፤ በሰው ተይዞ ከኋላ እየተገፉ መማሩን ትተሽ እንዲህ ሞክሪው። ብስክሌት ተበደሪ ወይም ርካሽ አሮጌ ግዢ። ኮርቻውን ተቀምጠሽ ሁለቱም እግሮችሽ መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ እስኪያርፉ ዝቅ አድርጊው። ከዚያ ሁለቱንም ፔዳል ፍቺ። ብዙውን ጊዜ የ15 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይበቃል፤ ቀኙ እንደ ማንኛውም ብሎን በተለመደው አቅጣጫ ይፈታል፣ ግራው ግን የሚፈታው ወደ ተቃራኒው ነው። ይህን ሳያውቁ ግራውን ይበልጥ አጥብቀው «ዝጓል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ፔዳል በሌለው ብስክሌት ለስለስ ያለ፣ በትንሹ ቁልቁል ያለው አስፋልት ላይ በእግርሽ እየገፋሽ ተንሸራተቺ። እግሮችሽን አንስተሽ ያለ ጭንቀት ከአስር እስከ አስራ አምስት ሜትር መሄድ ስትችዪ ፔዳሎቹን መልሺ። ዓይንሽ ከፊት ጎማው ላይ አይሁን፤ ልትሄጂበት ወዳሰብሽው ራቅ ያለ ቦታ ይሁን። ይህች አንዷ ልማድ ሞተሩም ላይ ሳትለወጥ ትከተልሻለች።

ብቻዬን አልደፍርም ካልሽ፣ በዲሲ አካባቢ ዋባ በሚል አጠራር የሚታወቀው የብስክሌተኞች ማኅበር ፈጽሞ ነድተው ለማያውቁ አዋቂዎች ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል። እንዳንቺ በልጅነታቸው ቆመው ያዩ የነበሩ ሴቶች እዚያ ይገጥሙሻል። ለኮርሱ የምትበቂው ቀስ ብለሽ ቀጥ ያለ መስመር መሄድ፣ በግራም በቀኝም ተጠማዝዘሽ የስምንት ቁጥር መሥራት፣ ሳትወላገጂ ወደ ኋላሽ ዞር ብለሽ ማየትና አንድ እግር አውርደሽ በእርጋታ መቆም ስትችዪ ነው። በፍጥነት መንዳት አይጠበቅብሽም።

ወደ ወንድምሽ እንምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ የከበደው እሱ ይመስለናል። እስቲ ራስሽን ጠይቂ፤ ይበልጥ የምትፈሪው መውደቅን ነው ወይስ እሱ ፊት መውደቅን? እሱስ «ኮርስ አትግቢ» የሚልሽ ገንዘብሽን አዝኖልሽ ነው ወይስ በዚህም ነገር ያንቺ መሪ ሆኖ መቀጠል ፈልጎ? ሁለተኛው ከሆነ የምትነፍጊው ነገር የለም፤ ሌላ ቦታ ትሰጪዋለሽ። እሱን በኋላ እናነሳዋለን።

በእሱ ሞተር እንዳትጀምሪ የምንልሽ ግን በፍቅሩም በችሎታውም ላይ ጥርጣሬ ኖሮን አይደለም። ዜድ 900 ባለ 948 ሲሲ ነው (ሲሲ የሞተሩ መጠን መለኪያ ነው)፤ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ኮርቻው ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፣ ጉልበቱም ከ120 ፈረስ በላይ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በብዙ ኮርሶች ከሚታዩት አንዱ የሆነው የሆንዳ ሬብል ዓይነት ባለ 286 ሲሲው 165 ኪሎ ገደማ ሆኖ ኮርቻው 69 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። በጣት ጫፍ የቆመ ሰው ሞተሩ ትንሽ ሲያጋድል የሚያቆምበት እግር የለውም። ጀማሪ ደግሞ ሞተር የሚጥለው በብዛት በሩጫ ላይ ሳይሆን ሲነሳና ሲቆም ነው።

ዋናው አደጋ ቀኝ እጅሽ ላይ ነው። ነዳጅ መስጫውም የፊት ፍሬኑም እዚያው ናቸው። ጀማሪ በግራ እጁ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ሲለቅ ሞተሩ ወደ ፊት ይፈተለካል፣ ገላው ወደ ኋላ ይቀራል። የደነገጠ እጅ ደግሞ ያገኘውን አጥብቆ ይይዛል፤ ሲይዝ የእጅ አንጓው ወደ ታች ይወርድና ነዳጁን ይበልጥ ይከፍተዋል። ይህ ሁሉ አንድ ሁለት ከማለትሽ በፊት ያልቃል። ትንሿ ሞተር ላይ ሲሆን ጥቂት ሜትር ተንቀጥቅጠሽ ትቆሚያለሽ። ዜድ 900 ላይ ግን አጥሩ ጋ ደርሰሻል። መከላከያው ሁለት ነው። ነዳጁ ዝግ እያለ እጀታውን ስትይዢ አንጓሽ ከመነሻው ወደ ታች የወረደ ይሁን፤ ያን ጊዜ ብትደነግጪም የሚጠመዘዝ ብዙ ቦታ አይተርፍሽም። ሞተሩ ከቁጥጥርሽ ሲወጣ ደግሞ ግራ እጅሽ ፍሪሲዮኑን ጨምቆ ይያዝ፤ ኃይሉ ከጎማው ይቋረጣል። አሰልጣኞቹ ይህን ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ያስለምዱሻል። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው እጁ ያውቀዋል እንጂ አብራርቶ መንገር ብዙ ጊዜ ይቸግረዋል። ማስረጃ ከፈለግሽ ወንድምሽን «በፍጥነት ላይ እያለህ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ መሪውን ወዴት ነው የምትገፋው?» ብለሽ ጠይቂው። ትክክለኛው መልስ የቀኙን እጀታ ወደ ፊት መግፋት ነው፤ ሞተሩ ወደ ቀኝ ያጋድልና ይታጠፋል። በየቀኑ እያደረጉት የማያውቁት ሞልተዋል።

ሌላም አለ። ፓርኪንጉ ውስጥ አንድ ቆሞ ያደረ መኪና ብትነኪ የወንድምሽ ኢንሹራንስ የሞተር ፈቃድ የሌለውን ሰው ይሸፍናል ወይ? ደውሎ ይጠይቅ። መንገድ ላይ ለመለማመድ ከሆነም ቨርጂኒያ መጀመሪያ የሞተር መለማመጃ ፈቃድ እንድታወጪ፣ ሄልሜት እንድታደርጊ፣ ሰው እንዳታፈናጥጪና የሞተር ፈቃድ ባለው ሰው የቅርብ ክትትል ሥር እንድትነጂ ያዝዛል። ወንድምሽ ራሱ የሞተር ፈቃዱን አውጥቷል? ይቅርታ አድርጊልን፤ «ማን አስተማረኝ» የሚሉ ሰዎች አንዳንዴ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ።

በኮርሱ መንገድ ብትሄጂ፣ በቨርጂኒያ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት) ፈቃድ ያለው ትምህርት ቤት ስታልፊ የሞተር የጽሑፉም የመንዳቱም ፈተና ይቀርልሽና ሰርተፍኬትሽን ይዘሽ ወደ ዲኤምቪ ትሄጃለሽ። የባለ ሁለት ጎማው ምድብ ኤም 2 ይባላል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች፣ የግል ትምህርት ቤቶችና አንዳንድ የሞተር ሻጮች ይሰጡታል። የምትመርጪውን ከዲኤምቪ ዝርዝር ውስጥ መሆኑን ካረጋገጥሽ በኋላ፣ ከመክፈልሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ፤ በሜዳ ፈተና የወደቀ ሰው እንደገና የሚፈተነው በክፍያ ነው ወይስ በነፃ? ቀን ማዛወር የሚቻለው እስከ መቼ ነው? ዝቅተኛው ሞተር የኮርቻው ቁመት ስንት ነው? ሄልሜት ታበድራላችሁ? ዝናብ ቢዘንብ አብዛኞቹ አያቋርጡም፤ ስለዚህ የዝናብ ልብስም ያዢ።

ቀኑን ስትመርጪ ለሥራሽ ተጠንቀቂ። ከሌሊት ሽፍት ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሜዳ መሄድ ገንዘብን መጣል ነው፤ ከቅዳሜው በፊት ያለውን ሌሊት ፈቃድ ውሰጂ። የቨርጂኒያ የሐምሌና የነሐሴ ፀሐይ፣ አስፋልት ላይ በረጅም ልብስና በሄልሜት ለአምስት ሰዓት ሲሆን ጉልበት ይጨርሳል። የምትጾሚ ከሆነ ፍልሰታ እዚያው ሙቀት ላይ ይወድቃልና ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሜዳ መዋል አይሞከርም። ሚያዝያ፣ ግንቦት ወይም መስከረምና ጥቅምት ይሻላሉ፤ ቦታው ቶሎ ስለሚያልቅ አስቀድመሽ ያዢ። እሑድ ቅዳሴ የሚያመልጥሽ ከሆነ የሥራ ቀን ምድብ እንዳላቸው ጠይቂ፤ በሌሊት ለሚሠራ ሰው እንዲያውም ይመቻል።

ስለ እንግሊዝኛው የተጨነቅሽውን ያህል አያስጨንቅም። ከክፍሉ በፊት በኢንተርኔት የሚጠናቀቅ ትምህርት አለ፤ ወደ ሦስት ሰዓት ይባላል፣ አንቺ ግን እያቆምሽ እየመለስሽ ሦስት ቀን ብትፈጂበት የሚያይሽ የለም። የጽሑፍ ፈተናው የሚወጣው ከዚያና ከመማሪያ መጽሐፉ ሲሆን ማለፊያው 80 በመቶ ነው። ሜዳ ላይ በሞተር ድምፅና በሄልሜት ምክንያት እንግሊዝኛ አፍ የፈታበትም ሰው በደንብ አይሰማም፤ ስለዚህ አሰልጣኞቹ መጀመሪያ ነድተው ያሳያሉ፣ ከዚያ በእጅ ምልክት ያዛሉ። ሁሌም ከሰልፉ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሁኚ፤ የመጀመሪያውን አይተሽ ትከተያለሽ። የምትፈልጊያቸው ቃላት ከሃያ አይበልጡም። ፍሪሲዮን ክላች፣ ፎሌ ኒውትራል፣ ነዳጅ መስጫው ትሮትል፤ ፍሪክሽን ዞን የሚሉት ደግሞ ፍሪሲዮኑን ስትለቂ ሞተሩ መሳብ የሚጀምርባት ነጥብ ናት። ለአሰልጣኙም ጠዋት ላይ «ስታዘኝ ቀስ በልልኝ» በይው፤ ከምታስቢው በላይ ደስ ይላቸዋል።

ሜዳው ላይ የሚገጥምሽን አውቀሽ ሂጂ። በመጀመሪያው ሰዓት ሞተሩ ደጋግሞ ይጠፋብሻል። ምክንያቱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ፍሪሲዮኑ መሳብ የጀመረባት ነጥብ ላይ ሳትቆዪ እጅሽን ታነሻለሽ። እዚያች ነጥብ ላይ ሁለት ሜትር እስክትሄጂ ቆይተሽ ከዚያ ቀሪውን ልቀቂ። ሁለተኛው ስህተት መሪው ተጣሞ እያለ የፊት ፍሬን መጨበጥ ነው። በዝግታ ላይ ሞተር የሚወድቀው በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ክብደቱ ሁሉ ወደ ተጣመመው ጎማ ይሄድና ሞተሩ ወደዚያው ጎን ይደፋል። መሪውን ቀና አድርጊ፣ ከዚያ ያዢ። ድንገት ማቆም ሲያስተምሩሽ ደግሞ የፊት ፍሬኑን ከመፍራት ይልቅ ቀስ በቀስ እየጨመቁ ማጠንከርን ልመጂ፤ ከማቆሚያው ኃይል ትልቁ ድርሻ፣ 70 በመቶ ገደማ፣ ከእሱ ነው። በአንዴ ከጨበጥሽው ጎማው ይቆልፍና ይንሸራተታል።

ብዙውን ሰው የሚያስጨንቀው አስፋልቱ ላይ በመስመር በተሠራ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ዞሮ መመለሱ ነው። የሚሳሳቱት መስመሩን ስለሚያዩ ነው፤ ያዩበት ይሄዳሉ። አገጭሽን እስከ ትከሻሽ አዙረሽ መውጫውን እዪ፤ ፍሪሲዮኑን በዚያችው ነጥብ ላይ አቆዪ፣ የኋላ ፍሬኑን በስሱ ርገጪ፣ ክብደትሽን ከመታጠፊያው ተቃራኒ ወደ ውጭ አዙሪ። እግርሽን ብታወርጂ ወይ መስመር ብትነኪ ነጥብ ይቀነስብሻል እንጂ አትወድቂም። በፈተናው ሰዓት ሞተሩን ከጣልሽ ግን ያኔ አበቃ። ቢያበቃም ሌላ ቀን አለ፤ የወደቀ ሰው ተመልሶ ሲያልፍ እዚያ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም።

ለልብሱ ጂንስ ሱሪ፣ ረጅም እጅጌ፣ ጣት የሚሸፍን ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚያልፍ ጠንካራ ጫማና የዓይን መከላከያ ይበቃል። ነጠላም ሻርፕም ሰንሰለትና ጎማ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፣ ቤት ይቅር። የወንድምሽን ሄልሜት አትበደሪ። የራስሽን ስትገዢ ጀርባው ላይ ያለው ምልክት ዶት (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምልክት) ብቻ ሳይሆን ኤፍኤምቪኤስኤስ ቁጥር 218 ሰርቲፋይድ የሚልና የሠሪው ስምና ሞዴል ያለበት መሆኑን እዪ። ጉንጭሽን ጠበቅ አድርጎ ይያዝ፣ ጭንቅላትሽን ስታንቀሳቅሺ ለብቻው አይዙር። ሄልሜት ስትለኪ ኮርሱ ቀን በምትሠሪው ሹሩባ ለኪው። በወፍራም ሹሩባ የተለካ፣ ፀጉሩ ሲፈታ ይሰፋል፤ በቀጭኑ የተለካ ደግሞ በወፍራሙ አናት ላይ ይንሳፈፋል።

ባለ ሦስት ጎማ ሞተርም አለ፤ የራሱ ኮርስና ኤም 3 የሚባል ምድብ አለው፣ ሚዛንም አይጠይቅም። እውነት ለመናገር ግን አሽከርካሪነቱ ሌላ ዓይነት ነው፤ ያንቺ ምኞት ባለ ሁለቱ ከሆነ ብስክሌቱን ሸሽተሽ ወደ እሱ አትሂጂ።

አሁን ለወንድምሽ። «አላምንህም» የሚል እንዳይሰማው ሥራ ይዘሽለት ሂጂ። «ጋሼ፣ ሞተሩን ካንተ ጋር ነው የምነዳው። አስቀድሜ ግን ብስክሌት አለማምደኝ፣ ኮርሱን ልጨርስ፤ ከዚያ የመጀመሪያዎቹን እሑዶች ከኋላዬ እየነዳህ ተከታተለኝ» በይው። ይህ ማስደሰቻ ብቻ አይደለም፣ በእውነት ያስፈልግሻል። ኮርሱ ሜዳ ላይ ከ20 ማይል ብዙም በማያልፍ ፍጥነት ስለሆነ በ395 አውራ ጎዳና ላይ መንዳትን አያስተምርሽም። ካለፍሽ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ጸጥ ባለ ሰፈር፣ በቀን፣ ሳይዘንብ፣ ማንንም ሳታፈናጥጪ መንዳት አለብሽ፤ ያን ጊዜ ከኋላሽ የሚከተል ልምድ ያለው ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ቅር ቢለው እንኳ ቅሬታው አንድ ሳምንት ነው የሚቆየው።

አንድ ያልነገርሽን ነገር አለ፤ ሞተሩን ለምን ፈለግሽው? ለደስታሽ ከሆነ ጥሩ። ወደ ሥራ መመላለሻ ከሆነ ግን ከሌሊት ሽፍት ስትወጪ የደከመ ዓይን መኪና ውስጥ ያሳልፍሽ ይሆናል፣ ሞተር ላይ አያሳልፍሽም። ለእረፍት ቀንሽ አድርጊው። ሞተር መግዛትም ከኮርሱ በኋላ ይሁን። ሁለት ቀን ነድተሽ «ይህ የኔ አይደለም» ብትዪ የከፈልሽው የኮርሱን ብቻ ነው። ብትወጂው ደግሞ ባለ 300 ወይም 400 ሲሲ፣ እግርሽ የሚያርፍበት፣ ኤቢኤስ (ስትጨብጪ ጎማው እንዳይቆልፍ የሚከላከል ፍሬን) ያለው ያገለገለ ሞተር ይበቃሻል።

ለእናትሽ አሁን አትንገሪያት። ሰርተፍኬቱ በእጅሽ ሲገባ፣ ወንድምሽም አጠገብሽ ሆኖ ንገሯት፤ ያን ጊዜ ጥያቄዋን የምትመልሱት ሁለታችሁ ናችሁ።

በዚህ ሳምንት የሚያስፈልግሽ ብስክሌቱን ማግኘትና ትምህርት ቤቱ ቀን ለማዛወር የሚሰጠውን የመጨረሻ ጊዜ መጠየቅ ነው። ያ ቀን ሲደርስ የስምንት ቁጥሩን ገና ካልሠራሽ፣ ሳትከራከሪ ወደሚቀጥለው ምድብ አዛውሪው።